መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ፤ ማንን ሲጠይቁ?

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው የአበው አነጋገር በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይታያል። አነጋገሩ ሲነገር ግን አንድ ነገር ሳይጠቀስ ይታለፋል፤ ይኸውም ተጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። ቀድሞ ይህን መጥቀስ አላስፈለገም ነበር። ተጠያቂው መምህር፣ አዛውንት ወይም መጽሐፍ ነበርና። መምህሩ ቢሳሳት ስሙ ይነሣበታል፤ አዛውንቱ ቢዋሽ ጎረቤት ይታዘበዋል፤ መጽሐፉ ቢያሳስት የደራሲው ስምና የታተመበት ዓመት ከገጹ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ዛሬ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ሆነ በዕቅድ ቢሮ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥያቄው የሚቀርበው በእጅ ስልክ ውስጥ ላለ፣ ለመልሱም ኃላፊነት ለማይወስድ መላሽ ነው።

ይህ ጸሐፊ ሊነቅፍ የተነሣው በመጀመሪያ ደረጃ መሣሪያውን አይደለም። ቻትቦት እየተባለ የሚጠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውጤት፣ ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ አንሥቶ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨ ሲሆን፣ ምንም ጥቅም የለውም የሚል ሰው ቢኖር ያልሞከረው ብቻ ነው። ቅሬታው በጠያቂው ላይ ነው። ከጠያቂዎችም መካከል ሙያቸው ማስተማርና ማቀድ የሆነው፣ ማለትም እንደዚህ ያሉ ገጾችን የምናነብና የምንጽፍ ሰዎች፣ ከሌላው ሕዝብ የተሻለ ጥንቃቄ ስናደርግ አልታየንም።

አንድ ገጠመኝ ላስቀድም። ባለፈው ዓመት ለመምህራን ሥልጠና የሚሆን የአንድ ማስተማሪያ ጽሑፍ ረቂቅ እንድመረምር ተሰጥቶኝ ነበር። ረቂቁ ስለ ነባሩ የአገራችን ትምህርት ታሪክ የሚያወሳ ሲሆን አጻጻፉ የጠራ፣ አቀራረቡም ያማረ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ከተዘረዘሩት ዋቢ መጻሕፍት መካከል አንዱ ዓይኔን ያዘው። ደራሲ የተባሉት በእርግጥ የነበሩ፣ በሙያቸውም የታወቁ ሰው ናቸው፤ ርእሱ እሳቸው ሊጽፉበት የሚችሉት ዓይነት ነው፤ አሳታሚውም በእውን ያለ ድርጅት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የታተመ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳላነብ መቅረቴ አሳፍሮኝ ፍለጋ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት አጣሁት። በሁለተኛው፣ ዕድሜያቸውን በካርድ መሳቢያና በመደርደሪያ መካከል ያሳለፉ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ርእሱን አንብበው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ይህ መጽሐፍ ታትሞ ቢሆን ኖሮ በእጄ ሳያልፍ አይቀርም ነበር» አሉኝ።

ረቂቁን ያዘጋጀውን ወጣት ባልደረባዬን ጠርቼ መጽሐፉን ከየት እንዳገኘው ብጠይቀው ምንም ሳያመነታ፣ «ቻትቦቱ ነው የሰጠኝ» አለ። መኖሩን አረጋግጠሃል ወይ ስለው የሰጠኝ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«አዎን ጋሼ። የጠቀስከው መጽሐፍ በእርግጥ አለ ወይ ብዬ ደግሜ ጠይቄው ነበር እኮ። አለ ብሎኛል።»

ይህ ወጣት ሰነፍ አይደለም። ማረጋገጥ እንደሚገባም ያውቃል፤ አረጋግጫለሁ ብሎም ያምናል። ያልታየው ነገር ቢኖር አንዱን ምስክር ስለ ራሱ ታማኝነት ራሱን ጠይቆ መመለሱ ነው። በየትኛውም የአገራችን ሸንጎ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የቀረበ ባለጉዳይ ቢሳቅበት እንጂ አይፈረድለትም። በጽሕፈት ቤት ግን አለፈ፤ ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ረቂቁን አይተው ፊርማቸውን አኑረውበት ነበር።

ነገሩ የአንድ ወጣት ባለሙያ ወይም መጽሐፍ የጠፋበት አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌላ ስፍራ እንመልከት። በካናዳ የኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ጠቅላይ ግዛት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የትምህርት ሥርዓቱን ለአሥር ዓመታት ይመራል የተባለ ሰነድ ይፋ ተደረገ። ሰነዱ 418 ገጾች ያሉትና 110 የተግባር ጥሪዎችን የያዘ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ሲቢሲ የተባለው የአገሪቱ የብሮድካስት ድርጅት ቢያንስ 15 የሚሆኑት የሰነዱ ዋቢዎች በዓለም ላይ የሌሉ ጽሑፎችን እንደሚጠቅሱ ገለጠ። ከእነዚህ አንዱ የአገሪቱ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ በ2008 አዘጋጅቶታል የተባለ፣ «የትምህርት ቤት ግቢ ጨዋታዎች» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው ፊልም ነው። ቦርዱ እንዲህ ያለ ፊልም የለም አለ። ዋቢው ቃል በቃል የተገኘው በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የዋቢ አጻጻፍ መመሪያ ውስጥ ሲሆን፣ መመሪያው በውስጡ ያሉት አንዳንድ ምሳሌዎች ለማስተማሪያ የተፈጠሩ መሆናቸውን በግልጽ ያስታውቃል። ጉዳዩን የተመለከቱ ምሁራን የሰው ሠራሽ አስተውሎት እጅ ሳይኖርበት እንደማይቀር ተናገሩ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይኸው ሰነድ መንግሥት ለተማሪዎችና ለመምህራን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባርና ኃላፊነት ያለው አጠቃቀም ዕውቀት እንዲሰጥ የሚመክር መሆኑ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ይህን የሚያህል ሰነድ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይወጣም። የሚያዘጋጁት፣ የሚያርሙት፣ የሚያጸድቁት፣ የሚያሳትሙት ሰዎች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ፊልሙን አምጡና እንየው» ያለ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ነገሩ በዚያው ባበቃ ነበር። የዋቢ ዝርዝር በጽሑፍ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው አንባቢ እንዲከፍተው ነው። በሩ ተቆልፎ ሳለ ቁልፍ ያለው የሚመስል ሥዕል በላዩ ላይ ከተሣለበት በር መባሉ ቀርቷል።

በአሜሪካ የአላስካ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2024 ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የግዛቲቱ የትምህርት ኮሚሽነር ተማሪዎች በትምህርት ቤት ውስጥ የእጅ ስልክ ስለሚጠቀሙበት ሁኔታ የቀረበውን የፖሊሲ ረቂቅ ሲያዘጋጁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅመው ኖሮ፣ በሰነዱ ከተጠቀሱት ስድስት ዋቢዎች አራቱ የማይገኙ ጥናቶችን የሚጠቅሱ ሆነው ተገኙ። ኮሚሽነሯ መሣሪያውን የተጠቀሙት ለመጀመሪያ ረቂቅ ብቻ እንደነበረና ስሕተቱም መታረሙን ገለጹ፤ ታረመ በተባለው ሰነድ ውስጥ ግን የስሕተቱ ርዝራዥ እንዳለ ተገኝቷል። በልጆች እጅ ያለው ስልክ ትኩረታቸውን ይሰርቃል አይሰርቅም የሚለውን ለመወሰን የተጻፈ ሰነድ፣ ጸሐፊዎቹን ራሳቸውን ትኩረት የነሣ ሰነድ ሆነ።

አንድ የትምህርት ዕቅድ በሐሰት ዋቢ ላይ ሲቆም ጉዳቱ በዚያው ሰነድ ላይ ተወስኖ አይቀርም። የበላዩ ሰነድ ለበታቹ ዋቢ ይሆናል። ክልል የፌዴራሉን፣ ዞን የክልሉን፣ ወረዳ የዞኑን ይጠቅሳል፤ በመጨረሻም አንድ ርእሰ መምህር በስብሰባ ላይ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ብሎ ይናገራል። ጥናቱ ግን ከመነሻው አልነበረም። ከዚህም የከፋው፣ ሰነዱ በኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ቻትቦቶቹ ራሳቸው እንደ ማስረጃ ያነብቡታል። የዛሬው ፈጠራ ለነገው ጠያቂ «በመንግሥት ሰነድ የተረጋገጠ» ሆኖ ይመለስለታል ማለት ነው።

መሣሪያው ስለምን እንዲህ ያደርጋል? በቀላል አነጋገር፣ ቻትቦት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ካጠና በኋላ ከተሰጡት ቃላት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል፣ እንዲያውም የቃል ቁራጭ፣ መገመትን የተማረ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። «የኢትዮጵያ ዋና ከተማ» ከሚለው ቀጥሎ «አዲስ አበባ» ማለቱ አያስገርምም፤ ሺህ ጊዜ ተጽፎ አግኝቶታልና። ጥያቄው ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለጻፉበት፣ ወይም ማንም ስላልጻፈበት ጉዳይ ሲሆንም መገመቱን አይተውም። የደራሲ ስም በሚገባበት ቦታ የደራሲ ስም የሚመስል፣ ዓመት በሚገባበት ቦታ ዓመት የሚመስል ነገር ያስገባል። የሚያውቀውንና የማያውቀውን የሚናገርበት ድምፅ አንድ ዓይነት ነው።

ይህን ባሕርይ በተመለከተ ቻትጂፒቲን ያወጣው የኦፕንኤአይ ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ያቀረቡት ማብራሪያ ለእኛ ለመምህራን እንግዳ አይደለም። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ቻትቦቶች የሚመዘኑባቸው ፈተናዎች አብዛኞቹ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ቆጥረው ነጥብ የሚሰጡ በመሆናቸው «አላውቅም» ያለው ዜሮ ያገኛል፤ የገመተው ግን አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል። ስለዚህ መሣሪያው መገመትን ይማራል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የማይቀነስበትን የምርጫ ፈተና ለብዙ ዓመታት ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ይህን ተማሪ በሚገባ እናውቀዋለን። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያልሠራቸውን ጥያቄዎች ሁሉ «ሐ» እያለ የሚሞላው እርሱ ነው። ልዩነቱ ተማሪው መገመቱን ራሱ ያውቃል፤ እኛም ማረሚያ ወረቀት ይዘን እንጠብቀዋለን።

በቅርብ የወጡት ቻትቦቶች ኢንተርኔት ፈልገው፣ ምንጭም ጠቅሰው ስለሚመልሱ ችግሩ ተወግዷል የሚል ክርክር ይሰማል። እውነት ነው፣ ተሻሽለዋል። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረትና ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ያወጡት ጥናት አለ። በዚህ ጥናት በ18 አገሮች የሚገኙ 22 የሕዝብ መገናኛ ብዙኃን ጋዜጠኞች አራት የታወቁ ቻትቦቶች በ14 ቋንቋዎች ስለ ዜና የሰጡትን ከ3,000 በላይ መልስ መረመሩ። ከመልሶቹ 45 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ከባድ ጉድለት የተገኘባቸው ሲሆን፣ 31 ከመቶው ደግሞ በምንጭ አጠቃቀስ ረገድ ከባድ ችግር ነበረባቸው። ማለትም ምንጩ ተጠቅሷል፤ ምንጩ ግን የተባለውን አይልም፣ ወይም ጨርሶ አይገኝም። አማርኛ ከተመረመሩት ቋንቋዎች አንዱ አልነበረም።

በአማርኛማ ነገሩ የባሰ ቢሆን እንጂ የሚሻል ሊሆን አይችልም። ቻትቦቱ ያጠናው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በኮምፒዩተር በተለመደው አሠራር አንድ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል፤ የአማርኛ ቃል በመሣሪያው ውስጥ ብዙ ቦታ የሚቆራረጠውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የዘመን አቆጣጠራችንም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተደረገ የሚለውና እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ተደረገ የሚለው ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚሉት ምልክቶች ሲወድቁ ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ያለ ምንም ድምፅ ይጠፋል፤ ወይም ይጨመራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚለውን የሌሊት ሰዓት አድርጎ የሚተረጉም መሣሪያ ለመምህር የሰዓት ድልድል ቢያወጣ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት። እነዚህ ለአገሩ ሰው በዓይን የሚታዩ ስሕተቶች ናቸው። የሚያሰጋው በዓይን የማይታየው ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ያምነዋል? መልሱ በአነጋገሩ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቻትቦቱ አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ «ይህን እንኳ አታውቅም?» ብሎ አያሳፍርም፤ በጨዋ ቋንቋ፣ በተስተካከለ ሐረግ ይመልሳል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር የነበሩት ጆሴፍ ዋይዘንባውም እ.ኤ.አ. በ1966 ኤላይዛ የተባለች፣ የሰውን ቃል እየገለበጠች መልሳ የምትጠይቅ ቀላል ፕሮግራም አሳተሙ። ፕሮግራሟ አንዳች ነገር የማትረዳ መሆኗ እየታወቀ ሰዎች ምሥጢራቸውን ሲያጫውቷት በማየታቸው ደንግጠው፣ በ1976 ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ ያዘለ መጽሐፍ ጻፉ። የዛሬዎቹ ከኤላይዛ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። የሰው ልብ ግን ያው ነው፤ በትሕትና የመለሰለትን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን የትምህርት ውርስ ማንሣት ተገቢ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ዕውቀቱን ይዞ ወደ ሌላ ጉባኤ ሲሻገር አስቀድሞ የሚጠየቀው ከማን እንደተማረ ነው። የመምህሩን ስም ይናገራል፤ የመምህሩ መምህርም ይታወቃል። በወሎ በነበሩትና ባሉት የእስልምና ትምህርት ማእከላትም ተማሪው ከሼሁ የሚቀበለው የማስተማር ፈቃድ፣ ኢጃዛ የሚባለው፣ ትምህርቱ ከማን ወደ ማን ሲተላለፍ እንደመጣ የሚያስረዳ ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች በብዙ ነገር ሲተቹ ኖረዋል፤ በቃል መያዝን ያበዛሉ፣ ተማሪውን ያጨናንቃሉ ተብሏል፤ ትችቱም በከፊል እውነትነት አለው። ነገር ግን አባት የሌለው ቃል አይቀበሉም።

ከዚህም በላይ የአንድምታ ትርጓሜ ሊቃውንት ለአንድ ንባብ አንድ ፍች ሰጥተው ዝም አይሉም። «አንድም» እያሉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያወርዳሉ፤ ተማሪውም አንድ ንባብ ከአንድ በላይ መንገድ እንዳለው እያወቀ ያድጋል። ቻትቦቱ በተፈጥሮው «አንድም» ማለት የማይችል አይደለም፤ ቢጠይቁት ይላል። ጠያቂው ግን አይጠይቀውም። የፈለገው መልስ ተገኝቷልና ስልኩን ያጥፋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ መጠየቅ የምርምር መጀመሪያ መሆኑ ቀርቶ ማብቂያው ሊሆን ነው።

ስለ ተማሪዎችስ ምን እናውቃለን? በጉዳዩ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች በበኩሌ ሚዛን የሚደፋ ሆኖ ያገኘሁት በቱርክ አገር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ በሒሳብ ትምህርት የተደረገው ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ታትሟል። ተማሪዎቹ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል በመጽሐፍና በደብተር ብቻ ተለማመደ። ሁለተኛው እንደማንኛውም ሰው ቻትቦት እንዲጠቀም ተፈቀደለት። ሦስተኛው የተሰጠው ቻትቦት መምህራን ባዘጋጁት ፍንጭ የሚመራ፣ መልሱን በቀጥታ የማይሰጥ ነበር። በልምምዱ ጊዜ የሁለተኛው ክፍል ውጤት ከመጀመሪያው 48 ከመቶ፣ የሦስተኛው ደግሞ 127 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ተወስዶ ሁሉም በየራሳቸው ተፈተኑ። ያለ ገደብ ቻትቦት ሲጠቀም የቆየው ክፍል መሣሪያውን ካላየው ክፍል 17 ከመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በመምህራን ፍንጭ የተመራው ከመጀመሪያው ክፍል እምብዛም አልተለየም። ሌላም የሚያሳስብ ነገር ነበር፤ ዝቅ ያሉት ተማሪዎች ዝቅ ማለታቸው አልታወቃቸውም።

እኛም መደገፊያ ሲወሰድ ምን እንደሚታይ የምናውቅ ሰዎች ነን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው በተሰጠ ጊዜ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ስለሆነ በኩረጃ ብቻ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን በየዓመቱ በየትምህርት ቤቱ ስንመዘግበው የኖርነው ነጥብ የማንን ዕውቀት ይለካ እንደነበረ እንድንጠይቅ አስገድዶናል። አሁን ደግሞ በየቤቱ የሚሠራው የቤት ሥራ የማን ሥራ እንደሆነ ሳንጠይቅ ነጥብ እየሰጠን ነው።

እስካሁን ጠያቂውን ወቅሻለሁ። ወቀሳው ሚዛኑን እንዲጠብቅ ግን አንድ ነገር መታየት አለበት። በገጠር ባለ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ነገ ስለ ፎቶሲንተሲስ ወይም ስለ ዘመነ መሳፍንት ሊያስተምር ማታ ሲዘጋጅ፣ ከቻትቦቱ ውጭ ማንን ይጠይቅ? ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የሚል ታፔላ ያለበት ክፍል ይኖረው ይሆናል፤ ክፍሉ ግን አሮጌ ዴስክ የሚከማችበት ነው። የመምህሩ መምሪያ ለአምስት መምህራን አንድ ነው፤ እሱም ከርእሰ መምህሩ መሳቢያ አይወጣም። ሱፐርቫይዘሩ በሴሚስተር አንድ ጊዜ መጥቶ የዕለት ዕቅድ መጻፉን እንጂ የተጻፈው እውነት መሆኑን አይመረምርም። ለዚህ ሰው «ምንጭህን አረጋግጥ» ብሎ ሰርኩላር መበተን ቀላል ነው። የሚያረጋግጥበትን ምንጭ ሳይሰጡ ማዘዝ ግን ዐይን ያላበጁለትን ሰው እይ ማለት ይሆናል። ስለሆነም መምህሩ በቻትቦት በመደገፉ የሚወቀሰው ከዕቅድ አውጪው በኋላ ተራ ሲደርሰው ነው።

ዕቅድ አውጪው ግን ይህ ምክንያት የለውም። ጽሕፈት ቤቱ በከተማ ነው፤ የስታቲስቲክስ መጽሔቱ ከመደርደሪያው ላይ ነው፤ የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው በሚቀጥለው ፎቅ ተቀምጧል። ተነሥቶ መሄድን ስለጠላ ብቻ የሚጠይቀውን መሣሪያ መልስ፣ ተነሥቶ የሚሄድበት ለሌለው መምህር መመሪያ አድርጎ ሲያወርድ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ላይ ቁጣ ያነበበ አንባቢ ካለ በአብዛኛው የተነሣው ከዚህ ነው።

መሣሪያውን መከልከል እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ እንደማይገባም የቱርኩ ጥናት ሦስተኛ ክፍል ያስረዳል። መምህር ራሱ በሚያውቀው ትምህርት ላይ የመልመጃ ጥያቄ እንዲያበጅለት፣ የከበደውን አንቀጽ እንዲያቀልለት ቢያዝዘው ስሕተቱን ማየት ይችላልና ይጠቅመዋል። በማያውቀው ነገር ላይ ሲሆን ግን የተሰጠውን መልስ እንደ ወሬ ቆጥሮ ምስክር መፈለግ ይኖርበታል። በጽሕፈት ቤቶቻችን በኩል አንድ ቀላል ሥርዓት ቢደነገግ በቂ ነው እላለሁ፤ ማንም ሰው በዋቢነት የሚጠቅሰውን ጽሑፍ በእጁ ይዞት ወይም ገጹን ከፍቶ አይቶት መሆን አለበት፤ መርማሪውም ከዋቢዎቹ ጥቂቶቹን በዘፈቀደ መርጦ «አምጣ» ማለት አለበት። ለዚህ ሥልጠናም በጀትም አያሻም። በክፍል ውስጥም ተማሪ መልስ ሲመልስ «ትክክል» ብለን ከማለፍ በፊት «ከየት አገኘኸው?» ብንል፣ «ቻትቦት» ቢለንም ሳንቆጣ «እርሱስ ከየት አገኘው?» ብለን ብናስከትል፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢጠፋ የሚያስቆጭ አይደለም።

ወጣቱ ባልደረባዬ ረቂቁን መልሶ ወሰደ። የቤተ መጻሕፍቷ ባለሙያ ሦስት መጻሕፍት አወጡለት፤ አንዱ ሽፋኑ የተገነጠለ ነበር። ሥራው ከአንድ ወር በላይ ፈጀበት። በሁለት ቦታ ላይ መጀመሪያ የጻፈው ትክክል ሆኖ መገኘቱን ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር፤ በሌላው ቦታ ደግሞ ሁለቱ ደራስያን ስለማይስማሙ የሁለቱንም ቃል አስፍሯል። አዲሱ ረቂቅ ከቀድሞው አጭር ነው፤ አጻጻፉም ያን ያህል የጠራ አይደለም። ባለፈው ወር ፈርሜበት ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል።